ሦስቱም ሰርዶ ናቸው? ለቀበናዋ ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ቀበና ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ሳር አለ፣ ፎቶ አያይዣለሁ። በሩ ጋ ያለው መሬት ላይ የተለጠፈ፣ ቀጭንና አመድማ ነው። ከቤቱ ኋላ ጥላ ውስጥ ያለው ዘለግ ያለና ሳሳ ያለ ነው። ቧንቧው ሥር ያለው ደግሞ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ አጥር የሚወጣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ክር ክር ያወጣል። አክስቴ ሁሉም ሰርዶ ነው ይላሉ። አትክልተኛችን ግን ሦስት የተለያየ ዘር ነው፣ ወፍራሙ የፈረንጅ ነው፣ ሁሉንም ነቅለን ካርፔት ሳር እንትከል ይላሉ። ማን ነው ልክ? ለምንስ ነው በነቀልነው ቁጥር የሚመለሰው?»

እህቴ፣ በቀጥታ ልንገርሽ። የበሩና የጥላው ሳር ሁለቱም ሰርዶ ናቸው። የቧንቧው ሰርዶ አይደለም፣ ኪኩዩ የሚባል ሌላ ሳር ነው። ስለዚህ አክስትሽ አብዛኛውን አግኝተውታል። አትክልተኛችሁም ወፍራሙ ሌላ ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ የፈረንጅ ነው ማለታቸው ግን አይደለም። እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሳርን የምንለየው በርዝመቱ፣ በቅጠሉ ስፋትና በቀለሙ ነው። ሰርዶ ላይ ግን እነዚህ ሦስቱ ብዙም አይታመኑም። ሰርዶ ቦታው እንዳደረገው ነው የሚሆነው።

የበሩን እንይ። መኪና ይገባበታል፣ ሰው ይመላለስበታል፣ አፈሩ ተጠቅጥቋል፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይመታዋል። እዚያ ቦታ ላይ ቀና ያለ ሁሉ ይረገጣል። ስለዚህ ግንዱ መሬት ይዞ ይሳባል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፣ ቅጠሉም ከ2 እና 3 ሚሊ ሜትር ብዙ አይሰፋም። ጫፉ ሲረገጥና ሲቆረጥ ደግሞ ከጎን ካሉት አንጓዎች ሌላ ቡቃያ ይወጣል፤ በተረገጠ ቁጥር ይበልጥ እየጠበቀ የሚሄደው ለዚህ ነው። እግር ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሌላው ሳር አልቆ ሰርዶ ብቻ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቤቱ ኋላ ያለው ጣጣው ብርሃን ነው። ብርሃን ሲያጣ ግንዱን ቀጥ አድርጎ ያስረዝማል፣ አንጓዎቹ ይራራቃሉ፣ ቅጠሉ ይረዝምና ይሳሳል፣ ከጎን የሚያወጣው ቡቃያም ይቀንሳል። መሬቱ በመሐል መታየት ይጀምራል። ጎረቤት ጂ ፕላስ ፎር ያቆመ ዕለት የግቢሽ ሰርዶ ዕጣ ፈንታ ተወሰነ ማለት ነው። በድሮዎቹ ፒያሳና ካዛንቺስ ቤት ከቤት ተደግፎ ቆሞባቸው በነበሩ ግቢዎች ውስጥ ሰርዶ ይጠፋ የነበረው ሰው አጥፍቶት ሳይሆን ጥላ በልቶት ነው።

ምክንያቱን በአጭሩ ልንገርሽ። ሰርዶ ሲ-4 ከሚባሉት ዕፅዋት ወገን ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ እዚያው ናቸው። እነዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቅጠላቸው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አጠራቅመው የሚጠቀሙበት ተጨማሪ እርምጃ አላቸው። በሙቀትና በጠራራ ፀሐይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ውሃም ይቆጥባል። ግን እርምጃው ጉልበት ይበላል፣ ጉልበቱን የሚሰጠው ደግሞ ብርሃን ነው። ጥላ ውስጥ ወጪው ከገቢው ይበልጣል። በነገራችን ላይ ሰርዶ የጤፍና የዳጉሳ ዘመድ ነው፣ ከሣር ቤተሰብ ውስጥ አንድ ንዑስ ቤተሰብ ይጋራሉ። የሰርዶ አበባና የዳጉሳ ራስ አቀማመጣቸው የሚመሳሰለው ያለ ነገር አይደለም።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ፎቶ እየላከ «ሳሬ ታመመ፣ ወይን ጠጅ ሆነ» ይለኛል። አልታመመም፣ በርዶታል። ሰርዶን የሚመቸው ቀን ላይ ከ24 እስከ 37 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ የዚህን ክልል የታችኛውን ጫፍ ብትነካ ነው፤ እሱም በበልጉ አካባቢ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ቆመ ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ቀን ላይ የሠራውን ስኳር የሚጠቀምበት አዲስ እድገት ስለሌለ አንቶሳያኒን የሚባለው ቀይ ወይን ጠጅ ቀለም ይጠራቀማል። ሙቀት ሲመለስ ይለቃል። አዳማ ያለውን ሰርዶ አይተሽ የቀበናውን ሰነፍ ነው ብትይ ፍርደ ገምድል ነው።

ታዲያ የማይዋሸው ምኑ ነው? አበባው፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚላቀቅበት ቦታና ከመሬት በታች ያለው አካል። እነዚህን ሦስቱን ካየሽ ስለ ሌላው ብዙ አትጨነቂ።

ከአበባው እንጀምር። የሰርዶ አበባ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ እጅ ጣት የሚዘረጉ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት። አንዱን ዘንግ በጥፍርሽ ያዥና ገልብጪው። አንደኛው ጎን ባዶ ነው። በሌላኛው ጎን ብቻ በሁለት መስመር ተጠጋግተው የተደረደሩ፣ 2 ሚሊ ሜትር ምናምን የሚሆኑ፣ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች ታያለሽ። እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ያለችው አበባ አንዲት ናት። በወቅቱ ከደረስሽበት ከቅንጣቷ ጫፍ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ላባማ የሴቴ ክፍል ወጥቶ፣ ከሥሩ የወንዴው ከረጢት ተንጠልጥሎ ይታያል። ተራ አጉሊ መነጽር ይበቃል፣ የስልክ ካሜራም ጠጋ ካልሽ ያነሳዋል። ዘንጎቹ ጥቁር ዱቄት ለብሰው፣ ነካ ስታደርጊያቸው ጣትሽን ካጠቆሩ ግን አዲስ ዝርያ አይደለም፤ ኡስቲላጎ ሳይኖዶንቲስ የሚባል ፈንገስ አበባውን በልቶት ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉን ከግንዱ ራቅ አድርገሽ ሳብ አድርጊው። ቅጠሉ ሰገባውን (ግንዱን የሚጠቀልለውን የታችኛውን ክፍሉን) ለቆ የሚታጠፍበት ቦታ ውስጠኛው ጎን ላይ አጫጭር ነጭ ፀጉር በአንድ መስመር ተሰልፏል፣ በሁለቱ ዳር ደግሞ ረዘም ያለ ፀጉር አለ። ፀጉር ሳይሆን ስስ ሽፋን ካገኘሽ ሰርዶ አይደለም። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የሚያሳስተው ዲጂታሪያ አቢሲኒካ የሚባለው ሳር ነው። እሱም ከመሬት በታች ይሄዳል፣ እሱም መሬት ላይ ይሳባል፣ እርሻም ያስቸግራል። ግን ቦታው ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው፣ የአበባው ዘንጎችም ከአንድ ነጥብ አይነሱም፤ አጠር ባለ ማዕከላዊ ዘንግ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። በነቃ ዓይን ካየሽው ምንም አያሳስትም።

ሦስተኛው ቁፋሮ ነው። የእውነተኛ ሰርዶ ግንድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አፈሩ ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ ሌላው ከአፈር በታች የሚሄድ፣ ነጣ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ሹል የሆነ፣ ቅርፊት መሳይ ትናንሽ ቅጠሎች የለበሰ። ይህ ሁለተኛው ወሳኝ ነው። ምክንያቱም ሰርዶን በጣም የሚመስሉ የምሥራቅ አፍሪካ ዘመዶች አሉት፦ ሳይኖዶን ንሌምፉየንሲስ፣ ሳይኖዶን ፕሌክቶስታኪየስና ራሱ በስማችን የተጠራው ሳይኖዶን ኤቲዮፒከስ። እነዚህ ጉልበተኞች ናቸው፣ ረጃጅም ተሳቢ ግንድ አላቸው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይመቻቸዋል፣ ከብት አርቢውም ኮከብ ሣር ይላቸዋል። ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ ግን የላቸውም። ከላይ ብቻ ያነሳሽው ፎቶ ይህንን ሊነግረኝ አይችልም፤ የበሩን ሳር በእርግጠኝነት ሰርዶ ያልኩሽ አጠገቡ በተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ያ ነጭ ሹል ግንድ ወጥቶ ስለሚታይ ነው። የጥላው ፎቶ ላይ ደግሞ አበባው አለ፣ ከደቃቃነቱ ጋር ተደምሮ በቂ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው ሥር እንሂድ። ያጋለጠው ነጩ ክር ነው። ኪኩዩ አበባውን አደባባይ አያወጣም። ከ2 እስከ 4 የሚሆኑ ቅንጣቶቹ በላይኛው ቅጠል ሰገባ ውስጥ ተሸሽገው ይቀራሉ። ወደ ውጭ ብቅ የሚለው የሴቴው ጫፍና የወንዴው ክር ብቻ ነው። ክሩ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ማለዳ ላይ ሳሩ ላይ ነጭ ነገር የተነሰነሰ ይመስላል፣ ፀሐይ ሲበረታ ጠውልጎ ይጠፋል። በብዛት የሚያብበው ደግሞ ሲታጨድ ወይም ሲጋጥ ነው፤ አትክልተኛችሁ ባጨዱ ማግሥት የበዛብሽ ለዚያ ነው። ቅጠሉ ፀጉራም ነው፣ ተሳቢ ግንዱም እርሳስ ሊያክል ምንም አይቀረው። የዛሬ ሳይንሳዊ ስሙ ሴንክረስ ክላንደስቲነስ ነው፣ የቆዩ መጻሕፍት ላይ ፔኒሴተም ክላንደስቲነም ተብሎ ታገኚዋለሽ።

የፈረንጅ ነው የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም፤ የተንከባከቡት ግቢ ውስጥ ስለሚታይ ነው። ግን ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፣ የኢትዮጵያን ደጋ ጨምሮ። ፈረንጁ ነው ከአፍሪካ የወሰደው፤ ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ የግጦሽ ሳር ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ አረም ነው ብለው ይታገሉታል። ብርድ ከሰርዶ ይልቅ ይችላል፣ ውሃና ለም አፈር ይወዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ሁሉ ኪኩዩ ሰርዶን ይጨፈልቀዋል፤ በደረቀውና በተረገጠው ቦታ ሰርዶ ያሸንፋል። ግቢሽ ውስጥ ያለው ድንበር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህን ብዬ ግን ሰርዶ ሁሉ አንድ ነው እንዳልኩ አትውሰጂብኝ። ቦታ ከሚያመጣው ለውጥ በተጨማሪ በዘር የሚወረስ ልዩነቱ ራሱ ሰፊ ነው። ክሮሞዞሙ (በሴሉ ውስጥ ውርስ የሚሸከመው ክር) የሚቆጠረው በ9 ብዜት ነው፤ በተለያዩ የሰርዶ ዕፅዋት ላይ 18፣ 27፣ 36፣ 45 እና 54 ተቆጥሯል። በብዛት የሚገኘው 36 ነው። 27 ያለው መካን ነው፣ ዘር አይሰጥም። ሰርዶ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ብናኝ አይፀንስም፤ ስለዚህ ከአንድ እናት በግንድ ተስፋፍቶ ግቢ የሞላ ሰርዶ ቢያብብም ዘሩ ጥቂት ነው። ሁለት የተለያዩ ሰርዶዎች ጎን ለጎን ከቆሙ ግን ይዳቀላሉ፣ ልጆቹም መልካቸው ይለያያል።

ለዚህም ነው ስሙ ላይ ትርምስ የበዛው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ፓኒከም ዳክቲሎን ብሎ ሰየመው፣ ፐርሱን የሚባል ሌላ የዕፅዋት ሊቅ በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ሳይኖዶን አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ቀጠን ያለ ባገኘ አንዱ፣ ወፈር ያለ ባገኘ ሌላው አዲስ ስም እየለጠፈበት ሄዷል። ነገሩን መስመር ያስያዙት ጃክ ሃርላንና ባልደረባው ደ ቬት ናቸው፤ ሃርላን የኢትዮጵያን የሰብል ብዝኃነት በማጥናትም የሚታወቅ ሰው ነው። ከብዙ አገር ሰርዶ ሰብስበው፣ ጎን ለጎን ተክለው፣ እርስ በርስ አዳቅለው አዩትና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ሰርዶን በስድስት ንዑስ ዓይነት ከፈሉት። አምስቱ እንደ ማዳጋስካር፣ ደቡባዊ አፍሪካና አፍጋኒስታን ወዳሉ የተወሰኑ አካባቢዎች የሚያደሉ ናቸው። ስድስተኛው ዓለምን ያዳረሰው፣ የእኛም በር ላይ ያለው፣ ቫር ዳክቲሎን የሚሉት ነው። እነሱም ቢሆኑ በስድስት ከፍለው አልተገላገሉም፤ በዚህ በስድስተኛው ውስጥ ብቻ ያለው ልዩነት ለሌላ ዝርያ ይተርፋል።

ታዲያ በሩና ጥላው መካከል ያለው ልዩነት የቦታ ይሁን የዘር እንዴት ታውቂያለሽ? ቤትሽ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። ቱረሶን የሚባል ስዊድናዊ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ከባሕር ጠረፍና ከመሐል አገር ያመጣቸውን ተመሳሳይ ዕፅዋት አንድ የአትክልት ቦታ ላይ ተክሎ የትኛው ልዩነት እንደሚቀርና የትኛው እንደሚጠፋ አየ። አንቺም አንድ ሰፊ ሳፋ ከታች ብሺና አንድ ዓይነት አፈር ሙይበት። ከበሩም ከጥላውም ሁለት ሦስት አንጓ ያላቸው ቁርጥራጮች ውሰጂ፤ ከየቦታው አራት አምስት ይበቃል። በየተራ ቀላቅለሽ ትከይ፣ በእንጨት ምልክት አድርጊ፣ ፀሐይ ላይ አኑሪው። ሰኔ ላይ ብትጀምሪ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሚወጣውን ቅጠል አትመኚው፣ ገና እናቱ ያጠራቀመችውን እየበላ ነው። አንዴ ከርክመሽው ሁለተኛው እድገት ሲመጣ በአንጓ መካከል ያለውን ርቀትና የቅጠሉን ስፋት በማስመሪያ ለኪ። ልዩነቱ ከጠፋ የቦታ ነው። ከቀረ ሁለት የተለያዩ ሰርዶዎች አሉሽ። እኔ እንደምገምተው ይጠፋል፣ ግን ሳፋው ካንቺም ከኔም የተሻለ ይናገራል።

በነቀልነው ቁጥር ለምን ይመለሳል ላልሽው፣ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች የተባለችው አህያ ምኞቷ ከንቱ ነው። ዶማ ሰርዶን አይገድልም፣ ያባዛዋል። ከመሬት በታች ያለው ግንድ በየአንጓው ቡቃያ አለው፣ አንዱን ግንድ ለአሥር ስትቆራርጪው አሥር ችግኝ ሠራሽ። በተለይ በክረምት ዝናብ መሐል መቆፈር ማለት እያጠጡ መትከል ነው። ለመቀነስ ከፈለግሽ ወቅቱ በጋ ነው፣ ጥርና የካቲት። አብዛኛው የውስጥ ግንድ የሚገኘው ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነውና አፈሩን በመንሽ አንሺ እንጂ በዶማ አትቆራርጪው፤ ግንዱን በእጅ ለቅመሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ሲደርቅ ይሞታል። የተረፈውን ጥላ ያዳክመዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ብትተክይ ወይ አፈሩን በወፍራም ገለባ ብትሸፍኚ ይረዳል። ከአጥር ሥር የሚመጣው ግን ከጎረቤት ነው፣ እሱን ለማስቆም ከጎረቤት ጋር መስማማት ይጠይቃል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን የበሩን ሰርዶ አልነካውም። ውሃ አይጠይቅም፣ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ይይዛል፣ መኪና ሲነዳበትም ይችላል። በኦሮምኛ ጮቆርሳ ይሉታል፣ በኢሬቻ ሰው በእጁ ከሚይዘው ለምለም ሳር ውስጥም አለበት፤ እንዲህ ያለውን ነቅሎ በገንዘብ ሌላ ሳር መግዛት አይገባኝም። የካርፔት ሳር ነጋዴ ደግሞ የሚሸጥልሽ ራሱ የሰርዶ ዲቃላ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ቲፍዌይ የሚባለው፣ ግሌን በርተን አሜሪካ፣ ጆርጂያ ቲፍተን ውስጥ አውጥቶት በ1960 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው፣ የሰርዶና የአንድ ደቡብ አፍሪካዊ ዘመዱ ልጅ ነው። 27 ክሮሞዞም ነው ያለው፣ መካን ነው፣ የሚባዛው በግንድ ብቻ ነው። ማንም ሰው የቲፍዌይ ዘር በከረጢት ልሽጥልሽ ካለሽ ሒሳብሽን ይዘሽ ዞር በይ። የጥላው ቦታ ላይ ግን ሰርዶም ዲቃላውም አይሆኑልሽም፣ እዚያ ሳር የሚባል ነገር ትተሽ ጥላ የሚችል ቅጠላ ቅጠል ትከይ።

አሁንም ልብሽ ካልረጋ ናሙና ይዘሽ አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም መሄድ ትችያለሽ፤ ከቀበና በእግር የሚደረስ ነው። እዚያ በሳጥን በሳጥን የተቀመጠ የደረቀ ሳር አለ፣ ያንቺን ከጎኑ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። መለያ ቁልፉም ሲልቪያ ፊሊፕስ ስለ ሣር ቤተሰብ ባዘጋጀችው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት 7ኛ ቅጽ ውስጥ አለ። ከላይ በእጅ የተገነጠለ ቅጠል ይዘሽ ግን አትሂጂ። አበባው፣ ተሳቢው ግንድና ከመሬት በታች ያለው ሳይበጠስ አንድ ላይ ይውጣ፣ አፈሩን አራግፊ፣ በጋዜጣ መሐል ዘርግተሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበትና ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ፀሐይ ይሁን ጥላ፣ የተረገጠ ይሁን ያልተረገጠ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አብረሽ አድርጊ። የኪኩዩውን ክር ማሳየት ከፈለግሽ ማለዳ ቁረጪው፣ ከረፈደ ፎቶው ብቻ ነው የሚቀርሽ።